አባቴ በጣት አሻራ የፈረሙት ወረቀት የቡናውን ጭማሪ ክፍያ ያስቀርባቸዋል?

ጥያቄ፦ የምኖረው በሲዳማ ክልል፣ በበንሳ ወረዳ ነው። አባቴ ባለፈው የቡና ለቀማ ወቅት 4,200 ኪሎ ቀይ እሸት ቡና ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ ለሆነ አንድ ላኪ ድርጅት አስረክበዋል። ርክክቡ የተፈጸመው እዚሁ ወረዳችን ባለው የድርጅቱ ማጠቢያ ጣቢያ ነው። የግዢ ኃላፊው፣ ቡናው ለብቻው ታጥቦና ደርቆ ሲቀመስ ከመቶው ከ86 ነጥብ በላይ ካመጣ ከዕለቱ ዋጋ ሌላ በኪሎ 20 ብር እንደሚጨመርላቸው በጎረቤቶቻችን ፊት ቃል ገብቶ ነበር። በጽሑፍ የሰፈረ ነገር የለም። የዕለቱን ዋጋ ሲቀበሉ ግን አንድ ወረቀት ላይ በጣት አሻራ አስፈረሟቸው፤ አባቴ ማንበብም መጻፍም አይችሉም። ቅጂውን ኋላ ሳነበው «ሒሳቤን ሙሉ በሙሉ ተቀብያለሁ፤ ሌላ ጥያቄ የለኝም» ይላል። ከወራት በኋላ አሜሪካ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ከአንድ ቡና ቆልቶ የሚሸጥ ድርጅት የገዛችውን ከረጢት ፎቶ አንስታ ላከችልን። ከረጢቱ ላይ የአባቴ ፎቶግራፍ፣ ሙሉ ስማቸውና «88 ነጥብ» የሚል ጽሑፍ አለ። ገንዘቡን መጠየቅ እንችላለን? በፎቶግራፉስ ምን ማድረግ ይቻላል? ለመክሰስ የግድ አዲስ አበባ መሄድ አለብን?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂ፣ ለአባትዎ ጉዳዩ እንዳልተዘጋ ይንገሯቸው። ያ ወረቀት እንዳለ ሆኖ ገንዘቡን መጠየቅ ትችላላችሁ፤ የፎቶግራፉ ነገርም ራሱን የቻለ ሌላ ጥያቄ ነው። አዲስ አበባ መሄድም ላያስፈልጋችሁ ይችላል።

ከወረቀቱ ልጀምር፤ ድርጅቱ መጀመሪያ የሚመዘው እሱን ነውና። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1728 ንዑስ አንቀጽ 3 ላይ፣ ዓይነ ስውር የሆነ ወይም ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ፊርማ ወይም የጣት አሻራ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ሹም ወይም ሥራውን በማከናወን ላይ ባለ ዳኛ ካልተረጋገጠ በቀር ሰውየውን እንደማያስገድደው ይደነግጋል። የማጠቢያ ጣቢያው ሒሳብ ሠራተኛ ከእነዚህ አንዱ አይደለም። ሚዛን ላይ የቆመውም አይደለም። የድርጅቱ ሁለት ሠራተኞች በምስክርነት ቢፈርሙበትም ጉድለቱ አይሟላም። ሕጉ ይህን ጥበቃ ያቆመው ልክ አባትዎ ለገጠማቸው ዓይነት ሁኔታ ነው፤ ገንዘቡን ለመቀበል ተሰልፎ፣ ከኋላው ሌሎች እየጠበቁት፣ ባልተነበበለት ወረቀት ላይ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ለሚያትም አርሶ አደር። ለዚህ ዓይነቱ አሠራር ትዕግሥት የለኝም። የሰውን የዓመት ልፋት በእንዲህ ያለ ወረቀት መዝጋት ነውር ነው፤ ደግነቱ ሕጉም አይደግፈውም።

ይህ ጥበቃ ግን ሊላላ ይችላል። አባትዎ ፍርድ ቤት ቀርበው ሲጠየቁ ወረቀቱ ተነቦላቸው፣ ይዘቱን አውቀውና ተስማምተው እንዳተሙ ካመኑ ክርክሩ ይከብድባችኋል። ስለዚህ የሆነውን እንደሆነው ይናገሩ። ካልተነበበላቸው «አልተነበበልኝም» ይበሉ። አሻራውን ራሱን መካድ ግን ፈጽሞ አልመክርም፤ በምርመራ ይታወቃል፣ በአንድ ሐሰት የተያዘ ከሳሽም እውነቱን የሚያምንለት ያጣል። የዕለቱን ዋጋ መቀበላቸውንም በግልጽ ይመኑ። የምትጠይቁት የቀረውን ነው፤ 4,200 ኪሎ በ20 ብር ሲባዛ 84,000 ብር ይሆናል።

የቃል ስምምነቱን በተመለከተ፣ ሕግ የተለየ አጻጻፍ ካላዘዘ በስተቀር ውል በተዋዋዮቹ ስምምነት ብቻ ይጸናል (አንቀጽ 1719)። እሸት ቡና ተንቀሳቃሽ ንብረት ስለሆነ በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ሽያጩ የግድ በጽሑፍ መሆን የለበትም፤ በሰው ምስክር ማስረዳት ይቻላል። ከድርጅቱ ጠበቃ ሁለት መከራከሪያ እጠብቃለሁ። አንደኛው፣ በ2015 ዓ.ም. የወጣው የግብርና ምርት ውል አዋጅ ቁጥር 1289 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን ይፈልጋል የሚል ነው። ያ አዋጅ የሚመለከተው ገዢው ገና ከእርሻው ጀምሮ የሚገባበትን፣ አምራቹ በገዢው መመሪያ የሚያመርትበትን ግንኙነት ነው። አባትዎ ግን በራሳቸው ማሳ፣ በራሳቸው ድካም ያፈሩትን ቡና ለቅመው ሸጡ፤ የተለየው ነገር ዋጋው በከፊል በቅምሻ ውጤት ላይ መንጠልጠሉ ብቻ ነው። ድርጅቱ ችግኝ፣ ማዳበሪያ ወይም ቅድሚያ ገንዘብ ሰጥቷቸው ከነበረ ግን ክሱን ከማርቀቅዎ በፊት ለጠበቃዎ ይንገሩት፤ መልሴ ሊለወጥ ይችላል።

ሁለተኛው መከራከሪያ «ኃላፊው ይህን ቃል ለመግባት ሥልጣን አልነበረውም» የሚል ይሆናል። ለዚህ መልሱ ያለው በቦታው በነበረው አሠራር ውስጥ ነው። ዋጋ የሚቆርጠው ማን ነበር? የማንን ቡና ለብቻ ማድረቂያ አልጋ ላይ አስጡ ብሎ የሚያዘውስ? ገንዘብ ክፈሉ የሚለውስ? ይህን ሁሉ በድርጅቱ ጣቢያ፣ በድርጅቱ ስም ሲሠራ የከረመ ሰው ለዚህ አንድ ነገር ብቻ ባዕድ ነበር ማለት አያሳምንም። ምስክሮችዎን ስትመርጡ ብዛት አትፈልጉ። ኃላፊው የተናገረውን ቁጥር በጆሯቸው የሰሙ፣ የት ቆመው እንደነበርና ቀኑ የለቀማው ስንተኛ ሳምንት እንደነበር መናገር የሚችሉ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች «ሲባል ሰምቻለሁ» ከሚሉ አሥር ሰዎች ይበልጣሉ። የአባትዎ ቡና ለብቻው በየትኛው አልጋ ላይ እንደደረቀ የሚያውቁ የጣቢያው ቀን ሠራተኞች ካሉ እነሱንም ያስቡ።

ከሁሉ የሚከብደው ነጥቡን ማስረዳት ነው። በዓለም ገበያ ስፔሻሊቲ (ልዩ ጥራት ያለው) የሚባለው በቅምሻ 80 ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኘ ቡና ነው። ስንት እንዳመጣ የሚያውቀው ግን ቀምሶ የመዘገበው ገዢ እንጂ አምራቹ አይደለም። ከረጢቱ ላይ የተጻፈው 88 ትልቅ ማስረጃ ነው፤ የአክስትዎ ልጅ ከረጢቱን ከነደረሰኙ እንዳትጥለው ይንገሯት። ድርጅቱ «ያ ቡና የእሳቸው ብቻ አይደለም፣ ከሌሎች ጋር ተቀላቅሏል» ሊል ይችላል። እንግዲህ እዚህ ላይ ሒሳብ ይስሩ። አንድ ኪሎ ታጥቦ፣ ደርቆና ተፈልፍሎ ለውጭ ገበያ የተዘጋጀ ቡና ለማግኘት ስድስት ኪሎ ገደማ ቀይ እሸት ይፈጃል። የአባትዎ 4,200 ኪሎ ወደ 700 ኪሎ፣ በ60 ኪሎ ጆንያ ሲቆጠር ወደ አሥራ ሁለት ጆንያ ይሆናል ማለት ነው። የአሜሪካው ድርጅት በአባትዎ ስም ስንት ጆንያ እንደገዛ በጨዋ ደብዳቤ ጠይቁት። አሥር ወይም አሥራ ሁለት ካለ፣ ቡናው ለብቻው ተይዞ ለመላኩ ጠንካራ ምልክት ነው። ሃምሳና ስልሳ ካለ የሌሎች አርሶ አደሮች ቡና በአባትዎ ስም ተሽጧል፤ ይህ የጭማሪውን ክርክር ቢያወሳስበውም የስማቸውንና የምስላቸውን ጥያቄ ያጠነክረዋል። ላኪው ቡናውን ያስመረመረበትን ሰነድና የቅምሻ መዝገቡን እንዲያቀርብ፣ ከኢትዮጵያ ቡናና ሻይ ባለሥልጣን የጥራት ምርመራ ማስረጃም እንዲመጣ ፍርድ ቤቱ ትእዛዝ እንዲሰጥ በክሱ ላይ ጠይቁ። የድርጅቱን ፋይል በሌላ መንገድ አታገኙትም።

ስለ ፎቶግራፉ ብዙ ሰው መብት ያለው አይመስለውም። አለው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ ለሽያጭም እንዳይቀርብ ይከለክላል። በአንቀጽ 29 መሠረት ባለ ምስሉ ድርጊቱ እንዲቆም መጠየቅ ይችላል፤ ርትዕ የሚጠይቅ ሆኖ ሲገኝም ፍርድ ቤቱ ምስሉን የተጠቀመው ሰው ያገኘውን ጥቅም ያህል ሊደርስ የሚችል ካሣ ሊወስን ይችላል። ድርጅቱ «ራሳቸው ፈቅደው ተነሱ» ይል ይሆናል። ከቡና ዛፍ ሥር ቆሞ ካሜራ ማየትና ፊቱ የሸቀጥ ማሸጊያ ላይ እንዲታተም መፍቀድ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ፈቃድ ተሰጥቶ ከነበረ ለምን ዓላማ እንደተሰጠ እሱ ያስረዳ። የዚህ ፊትና ስም ዋጋ ተራ አይደለም። ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ባስተናገደችው ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ በተባለው የቡና ጥራት ውድድር አንደኛ የወጣው የሲዳማ ቡና በጨረታ አንዱ ፓውንድ ከ185 ዶላር በላይ ተሸጧል። በዚያ ገበያ ገዢው ከጣዕሙ ጋር የአምራቹን ማንነትም ይገዛል፤ ማንነቱን ያበደረው ሰው ቢያንስ መጠየቅ ነበረበት።

በጊዜ ረገድ አትዘናጉ። በውል ላይ ለተመሠረተው የ84,000 ብር ጥያቄ የይርጋው ጊዜ፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ አሥር ዓመት ነው (አንቀጽ 1845)። የፎቶግራፉ ካሣ ግን ከውል ውጭ በሚደርስ ኃላፊነት ሥር ከታየ ሁለት ዓመት ብቻ ነው ያላችሁ (አንቀጽ 2143)። በአጭሩ ጊዜ ተመሩ።

ክሱ የሚቀርብበትን ቦታ በተመለከተ፣ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ በውል ላይ የተመሠረተ ክስ ውሉ በተደረገበት ወይም በሚፈጸምበት ቦታ እንዲቀርብ ይፈቅዳል። ቡናው የተመዘነውም የተከፈለውም በንሳ ነው። ድርጅቱ አዲስ አበባ ያለና በፌዴራል መንግሥት መዝገብ የተመዘገበ ከሆነ ጉዳዩ የፌዴራል ፍርድ ቤት ሥልጣን ነው ይባላል። ሆኖም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ደርቦ ይሠራል። ስለዚህ ክሱን ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት ሳይሆን በአካባቢያችሁ ወዳለው የክልሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ውሰዱት። የዳኝነት መክፈያ ከሌላችሁ በደሃ ደንብ ለመክሰስ ማመልከት ይቻላል።

ከክሱ በፊት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይስጡ። አጭር ይሁን፤ ስድብም ዛቻም አይግባበት። «በእነዚህ ቀናት 4,200 ኪሎ ቀይ እሸት ቡና በጣቢያችሁ አስረክቤአለሁ። ከ86 ነጥብ በላይ ካመጣ በኪሎ 20 ብር እንዲጨመርልኝ ተስማምተናል። ቡናው በ88 ነጥብ ለገበያ መቅረቡን አረጋግጫለሁ። 84,000 ብሩን በ15 ቀን ውስጥ እንድትከፍሉኝ፣ ፎቶግራፌንና ስሜንም ያለ ፈቃዴ መጠቀም እንድታቆሙ አስጠነቅቃለሁ።» ይኸው ይበቃል። ከረጢቱን የሚያሳየውን ፎቶ አያይዙ፤ ሲያስረክቡም ቅጂው ላይ ያስፈርሙ ወይም በአደራ ደብዳቤ በፖስታ ይላኩት። ይህ ቀን ጥቅም አለው፤ ገንዘብ በመክፈል የዘገየ ባለ ዕዳ ከማስጠንቀቂያው ጀምሮ በዓመት 9 በመቶ ሕጋዊ ወለድ ይታሰብበታል። በእኔ ግምት ከረጢቱን ያየ ላኪ ከፍርድ ቤት ይልቅ ድርድር ይመርጣል፤ የውጭ ደንበኛው ይህን ታሪክ እንዲሰማ አይፈልግምና። ለድርድር ከጠራችሁ ሂዱ፤ አባትዎ ግን አሁንም ያልተረጋገጠ ወረቀት ላይ እንዳያትሙ።

ለሚመጣው ለቀማ ከዚህ ወይም ከሌላ ገዢ ጋር ስትስማሙ፣ የሚቀምሰው ማን እንደሆነ፣ ውጤቱ በስንት ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንደሚደርሳችሁ፣ ውጤቱን ካልሰጠ ጭማሪው እንደተገባ እንደሚቆጠር፣ ሁለተኛው ክፍያ በየትኛው ቀን በባንክ እንደሚገባ፣ ስምና ፎቶግራፍ ለስንት ጊዜና በስንት ክፍያ እንደሚፈቀድ ይጻፍ። አባትዎ ወረቀቱ በሚገባቸው ቋንቋ ተነቦላቸው፣ አሻራቸውን በሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ወይም በፍርድ ቤት ፊት ያኑሩ። ይህ ሁሉ ቡናው ከመቅላቱ በፊት፣ ነሐሴና መስከረም ላይ ማለቅ አለበት። እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ማጠቢያ ካልደረሰ ጥራቱ ይወርዳል፤ ቅርጫቱ ሞልቶ ሚዛኑ ፊት የቆመ ሰው ስለ ዋጋ የመከራከሪያ ጊዜ የለውም፣ ገዢውም ይህን ያውቃል።