ሶፋ ላይ የተያዘ ሱባኤ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የ41 ዓመት ሰው ነኝ፤ ከባለቤቴ ጋር 13 ዓመት በትዳር ኖረናል። ባለፈው ወር ሐኪሞች ልቧ ክፉኛ መድከሙን ነገሩን። የካቶሊኮች ዐቢይ ጾም በሚጀምርበት በአመድ ረቡዕ ካህኑ ግንባሯን አመድ ቀብተው «አፈር ነሽ፣ ወደ አፈርም ትመለሻለሽ» ሲሏት ደሜ ፈላ፤ ተራዬ ሳይደርስ ወጣሁ። ማታ ግን ፈራሁ። እሷን እንዲምርልኝ ብዬ እስከ ፋሲካ አብሬያት ላልተኛ ተሳልኩ፤ ሶፋ ላይ ነው የማድረው። እሷ ደግሞ «ከአሁኑ ቀበርከኝ እንዴ?» አለችኝ። ቁጣዬ ኃጢአት ነው? ስለቴንስ ባፈርስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ባሏን የቀበረች ሴት ነኝ እንጂ መምህር አይደለሁም፤ እንደዚያው ስማኝ።

ስለ ቁጣህ ብዙ አልልም። መዝሙረ ዳዊትን ክፈት፤ ካንተ የባሰ የጮኸ ታገኛለህ።

ያሳሰበኝ ሶፋው ነው። የቤተ ክርስቲያንህ ሕግ ከ18 እስከ 59 ዓመት ያለውን ሰው በአመድ ረቡዕና በስቅለት ዓርብ ጹም ይላል፤ ሕመምተኛን አያስገድድም። ከሚስትህ ተለይተህ እደር የሚል የለበትም። ጳውሎስም ለባልና ሚስት ሲጽፍ ለጸሎት መለያየትን የፈቀደው «ተስማምታችሁ» እና «ለጊዜው» ብሎ ነው። አንተ መቼ ጠየቅሃት? የእሷንም ሌሊት ጨምረህ ነው የተሳልከው። ስለቱ ከከበደህ ለቁምስናህ (ለአጥቢያህ) ካህን ንገራቸው፤ ከግል ስለት ሊፈቱህ ሥልጣን አላቸው። እስከዚያው ግን ከአመድ ረቡዕ እስከ ፋሲካ ዋዜማ ያለው 46 ቀን መሆኑን አትርሳ፤ 40 የሚሆነው 6ቱ እሑዶች ሲቀነሱ ነው። ቤተ ክርስቲያን እንኳ እረፍት ሰጥታለች፣ አንተ ከማን ልትበልጥ ነው?

አመዱን በተመለከተ የራሴን ልንገርህ። እ.ኤ.አ. በ2018 የአመድ ረቡዕ ከፍቅረኞች ቀን ጋር ገጠመ። ባለቤቴ ከአልጋ መነሳት አቅቶት ስለነበር ካህኑ አመዱን በትንሽ ብልቃጥ ይዘው ቤት መጡ። ትኩሳት ነበረው፤ ግንባሩ በላብ ርሶ ስለነበር አመዱ ጭቃ ሆኖ ወደ ቅንድቡ ወረደ። በመሐረብ ልጠርግለት ስል እጄን ያዘኝና «ተይው፤ የዘንድሮ ስጦታሽ ነው» አለኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ከሳቁ በኋላ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ሞቱ ያወራነው፦ የት መቀበር እንደሚፈልግ፣ ለማን ምን ያህል ዕዳ እንዳለበት፣ እኔ ብቻዬን ማደር እፈራ እንደሆነ። እፈራለሁ አልኩት። መሐረቡን በማግስቱ ከሌላው ልብስ ጋር አጠብኩት። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ያ አመድ ከምን እንደሚሠራ ታውቃለህ አይደል? ባለፈው ዓመት በሆሳዕና የተባረከው ዘንባባ ተቃጥሎ ነው። ምናልባት አምና አንተና እሷ ጎን ለጎን ቆማችሁ የያዛችሁት ይሆናል።

ደብዳቤህ ሦስት ገጽ ነበር፤ እዚህ አሳጥሬዋለሁ። ስለ ካህኑ አንድ ገጽ ሙሉ ጽፈሃል፣ ስለ ባለቤትህ ግን ከሕመሟ ሌላ ያለው ያቺ አንዲት ጥያቄዋ ብቻ ናት። አልመለስክላትም። ዛሬ ማታ ብርድ ልብስህን አጣጥፈህ ግባ። ተኝታ ከሆነ አትቀስቅሳት፤ ነቅታ ከሆነ ግን መብራቱን ሳታበራ እንደፈራህ ንገራት፣ ከዚያ እሷ ምን እንደምትፈራ ጠይቃት።