ባኩ ሄዶ ነዳጅ መማር ለሚፈልግ ልጅ

የእህቴ ልጅ ሰሞኑን ደወለልኝና፣ "ጋሼ፣ የኦጋዴኑ የካሉብ ጋዝ በደንብ ከወጣ እኛም እንደ አዘርባጃን መሆናችን ነው አይደል?" አለኝ። የአዘርባጃን ዋና ከተማ ባኩ ስኮላርሺፕ ሊሞክር አስቧል። ዩቲዩብ ላይ ነበልባል የሚመስሉትን ሦስቱን ሕንፃዎች አይቷል። የፎርሙላ ዋን መኪኖች በአሮጌው ግንብ ሥር ሲከንፉም አይቷል። "ኧረ ተው ልጄ" ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ለካ ጥያቄው ባኩ የማውቃትን አንዲት ሴትዮ ቀስቅሶብኛል።

ባኩ የተማርኩት በደርግ ጊዜ ነው፤ የነዳጅና የኬሚስትሪ ኢንስቲትዩት ውስጥ። ያኔ አዘርባጃን በሶቪየት ኅብረት ሥር ነበረች፤ ለእኛ ደግሞ ሁሉም "ራሺያ" ነበር። እናቴ እስክትሞት ድረስ ልጇ ራሺያ የተማረ ነው የምትለው። ፖድፋክ፣ ማለትም የውጭ ተማሪ መሰናዶ፣ ገብተን ቋንቋውን እንደምንም ከያዝን በኋላ ወደ ቁፋሮ ትምህርት አለፍን። እዚያ ነው ያገኘኋት። ተማሪው በራሺያኛ "ቴትያ"፣ አክስቴ እንደማለት፣ ይላታል፤ እኛ ሐበሾቹ ግን እርስ በርሳችን "እትዬ" ነበር የምንላት። ፕሮፌሰር አይደለችም፤ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነች። ሥራዋ የቁፋሮ ጭቃ ነው።

ለማታውቁ ልንገራችሁ። ጉድጓድ ሲቆፈር በቧንቧው ውስጥ ጭቃ ወደ ታች ይላካል። የተፈጨውን ድንጋይ ይዞ በቧንቧው ዙሪያ ተመልሶ ይወጣል፤ መሰርሰሪያውንም ያቀዘቅዛል። ዋናው ጉዳይ ግን ክብደቱ ነው። ከቀለለ ከታች ያለው ጋዝ ገፍቶት ይፈነዳል። ከከበደ ደግሞ ዓለቱን ሰንጥቆ እዚያው ይቀራል። ባኩ አካባቢ ከመሬት በታች ያለው ግፊት ቀልድ የለውም። አገሪቱ ውስጥ ጭቃ የሚተፉ ከ300 በላይ ኮረብታዎች አሉ፤ ቀዝቃዛ ግራጫ ጭቃ ቡልቅ ቡልቅ ይላል።

እትዬ ከባልዲው ትንሽ ጭቃ ታነሳና በአውራ ጣትና በሌባ ጣቷ መሃል ታሸዋለች። ዓይኗን ጨፈን ታደርጋለች። "አሸዋ በዝቶበታል" ትላለች፤ ወይም "ይሄ ባራይት ይጨመርበት።" ባራይት ጭቃውን የሚያከብድ የድንጋይ ዱቄት ነው። ከዚያ እኛ በመሣሪያ እንለካለን። ብዙውን ጊዜ ቁጥሩ እሷ ያለችው ላይ ይወድቃል። አንድ ቀን የእኔን እጅ ይዛ ጣቶቼን ጭቃው ውስጥ ነከረችና "አሁን ንገረኝ" አለችኝ። ምን ልንገራት? ጭቃ ነው። ሳቀችብኝ። በየሳምንቱ እያስነከረች አስለመደችኝ።

አርመናዊት መሆኗን ያወቅኩት ቆይቼ ነው። ባኩ ውስጥ አዘሪው፣ አርመናዊው፣ ራሺያዊው፣ አይሁዱ አንድ ደረጃ እየወጣ፣ አንድ ሰልፍ እየተሰለፈ ይኖር ነበር። አገርሽ የት ነው ሲሏት ባኩ ነው የምትለው። በ1988 እ.ኤ.አ. (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) አዘሪና አርመን የሚጣሉበት ግዛት፣ የናጎርኖ ካራባኽ፣ ጠብ ተነሳ። በየካቲት አካባቢ ከባኩ ብዙም በማይርቀው ሱምጋይት አርመኖች ተገደሉ። ከአርመን የተባረሩ አዘሪዎች ደግሞ ጓዛቸውን ይዘው ይመጡ ጀመር። በኅዳር የባኩ ትልቁ አደባባይ ቀንና ሌሊት በሰው ተሞላ። ከዚያ የሰዓት እላፊ ታወጀ፣ ወታደር ወጣ።

እትዬ ሥራ መምጣት አላቋረጠችም። አንድ ቀን ግን እኔንና ጓደኛዬን ጠራችና ሻንጣ እናግዛት እንደሆነ ጠየቀችን። ለምን እኛን? ምክንያቱን አልተናገረችም። ሐበሻን ማንም ከማንም ወገን እንደማይቆጥረው ገብቷት ይመስለኛል። ሁለት ሻንጣና በገመድ የታሰረ ምንጣፍ ነበር። ባቡር ጣቢያው ሰው በሰው ላይ ነው። ምንጣፉን በመስኮት አቀበልናት። ስታለቅስ አላየሁም። ባቡሩ ሊነሳ ሲል አንገቷን አውጥታ፣ "የባራይቱን ክዳን በደንብ ግጠሙት፣ እርጥበት እንዳይገባበት!" አለችን።

አድራሻዋን አልጠየቅኳትም። በዚያ ቀን የት ነው የምትሄጂው ብሎ መጠየቅ ነውር መስሎኝ ነበር። በጥር 1990 ባኩ የቀሩት አርመኖች ላይ የሆነውን፣ ቀጥሎም የሶቪየት ታንክ ገብቶ ከ100 በላይ የባኩ ሰው መግደሉን የሰማሁት አገሬ ተመልሼ ነው። በኋላ ኦጋዴን ውስጥ፣ ሙቀቱ አናት በሚበሳ ቀን፣ ጭቃ በጣቴ አሽቼ "አሸዋ አለበት" ስል አጠገቤ ያሉት ሳቁብኝ። ለካነው ልክ ነበርኩ። ያን ቀን ደብዳቤ ልጽፍላት ፈለግኩ። ግን በየት በኩል?

እንግዲህ ወደ ጥያቄው። ባኩ ነዳጅ ያገኘችው ትናንት አይደለም። ቢቢ ኤይባት ላይ በማሽን ጉድጓድ የተቆፈረው በ1846 ነው። በ1900 አካባቢ ከዓለም ነዳጅ ግማሽ ያህሉ ከዚያ ይወጣ ነበር። በ1949 ካስፒያን ባሕር መሃል፣ በእንጨትና በብረት ድልድይ የተያያዘ የነዳጅ ከተማ መሥራት ጀመሩ። እኔ ስደርስ ግን የሶቪየት ገንዘብ ወደ ሳይቤሪያ ዞሯል፤ የባኩ ምርት እያሽቆለቆለ ነው። የቀራት ትልቁ ነገር የሚያውቅ ሰው ነበር። ቮልጋም ሳይቤሪያም የቆፈሩት ብዙዎቹ ባኩ የሠለጠኑ ናቸው። የቁፋሮ መሣሪያ ፋብሪካውም እዚያው ነበር።

ከነፃነት በኋላ፣ በ1994፣ ትልቁ ውል ከውጭ ኩባንያዎች ጋር ተፈረመ። ነዳጁ ግን በየት ይውጣ? ካስፒያን በሩ የተዘጋ ባሕር ነው። ይሄ ለእኛ እንግዳ ጉዳይ አይደለም። ካርታውን ዘርጉና ከባኩ እስከ ቱርክ ወደብ ጣታችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ጎትቱት፤ አርመን ላይ ታልፋላችሁ። ቧንቧው ግን ወደ ሰሜን ታጥፎ በጆርጂያ ዞሮ ነው ጄይሃን የሚደርሰው፤ 1,768 ኪሎ ሜትር። እትዬን ያባረረው ጠብ ቧንቧውንም አጠመመው።

ብሩ መጣ፤ አልክድም። በ2006 ኢኮኖሚው ከ30 በመቶ በላይ አደገ፤ ድህነትም በጣም ቀነሰ። ለመጪው ትውልድ ብለው ያቋቋሙት የነዳጅ ፈንድ ዛሬ ከ50 ቢሊዮን ዶላር በላይ አለው፤ ይህን አደንቃለሁ። ግን በዚያው አገር ከካራባኽና ከአካባቢው የተፈናቀሉ አዘሪዎች እኔ እተኛበት በነበረው ዓይነት የተማሪ ማደሪያ ውስጥ ለዓመታት ኖረዋል። በ2015 የነዳጅ ዋጋ ሲወድቅ ማናት የሚባለው ገንዘባቸው በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ ወረደ። በዶላር የተበደረው ሰው ጉድ ሆነ። ከሠራተኛው ከሦስት አንዱ አሁንም ገበሬ ነው፤ ነዳጅ ላይ የሚሠራው እጅግ ጥቂት ነው። ገበሬውም ቢሆን ጎርባቾቭ መጠጥ ሊያጠፋ ብሎ የወይን ማሳውን አስነቅሎበት ነበር። የዚያ ዘመን የአዘርባጃን ወይን! ስቲፔንዲያችን፣ የተማሪ አበላችን፣ ባለቀ ቁጥር ዳቦ በወይን ነበር ራታችን።

የዛሬ ልጆች ደግሞ ሕንፃውን አይታችሁ አገሩን ያወቃችሁ ይመስላችኋል። ሦስት ደቂቃ የማይሞላ ቪዲዮ አይታችሁ ትከራከራላችሁ። እኔ ዓመታት ኖሬበት አዘርኛ ሳልማር ነው የወጣሁት፤ በራሺያኛ ሁሉም ያልፍ ነበርና። ስለዚህ ብዙም አልፈርድባችሁም። ካሉብ ጋዝ ከተገኘም 50 ዓመት አልፎታል። መኖሩ ብቻ ቢበቃ እስካሁን ገላግሎን ነበር።

ነዳጅ አትማር ልለው ነበር፤ ዘመኑ ወደ ፀሐይና ነፋስ እየዞረ ነው። ራሷ ባኩ በ2024 የአየር ንብረት ጉባኤ አስተናግዳለች። ሲነጋ ግን ሐሳቤን ቀየርኩ። ጭቃ የሚያውቅ ሰው ከምድር እንፋሎት ኤሌክትሪክ ለሚወጣበት ለጂኦተርማል ጉድጓድም ያስፈልጋል፤ እኛው አገር አሉቶ ላይም የሚቆፈረው በዚያው ጭቃ ነው። የአዘርባጃን መንግሥት ለገለልተኛ አገሮች ንቅናቄ አባላት ስኮላርሺፕ ይሰጣል፤ እኛም አባል ነን። ይሞክር። ከሄደ አዘርኛ ይማር፤ ዛሬ ራሺያኛ ብቻውን አያዋጣም። በእረፍት ከባኩ ይውጣ፤ ጉባ ፖም የሚለቅመውን፣ ላንካራን ሻይ የሚያመርተውን ሰው ያነጋግር። ላቦራቶሪ ውስጥ ካሉት ሠራተኞችም አይራቅ። ጃንጥላ ግን አይግዛ፤ የባኩ ነፋስ በአንድ ቀን ይገለብጠዋል። ኮፍያ ያለው ጃኬት ይሻለዋል።