በዴምፕስተር መንገድ ለዓሣ ለምትወጡ፦ መለዋወጫ ቀን ያዙ

በየዓመቱ ግንቦት ሲጋመስ ስልኬ ይጮኻል። ደዋዩ ኤድመንተን ወይም ካልጋሪ የሚኖር ወንድም ነው። የሁለት ሳምንት ፈቃድ አግኝቷል፣ ዘንግና መንጠቆ ገዝቷል። «ጋሼ፣ በሰሜን ካናዳው የዴምፕስተር ጠጠር መንገድ እስከ አርክቲክ ውቅያኖስ ድረስ እየነዳሁ ዓሣ ላጠምድ ነው፤ የትኛው ወንዝ ይሻለኛል?» ይለኛል። እኔ ስለ ወንዙ ከመናገሬ በፊት «መለዋወጫ ቀን ስንት ይዘሃል?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። መለዋወጫ ጎማ የያዘ ብዙ አይቻለሁ። መለዋወጫ ቀን ይዞ የደወለልኝ ግን እስካሁን የለም።

እስቲ አብረን እንቁጠር። ከኤድመንተን ዶውሰን ክሪክ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በ1942 በተሠራው የአላስካ አውራ ጎዳና እስከ ዋይትሆርስ ወደ 1,400 ኪሎ ሜትር ይነዳል። ከዋይትሆርስ ዶውሰን ሲቲ አጠገብ እስካለው መገንጠያ ደግሞ 500 ያህል። (ዶውሰን ክሪክና ዶውሰን ሲቲ አንድ አይደሉም፤ በመካከላቸው ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው መንገድ አለ። ካርታ ላይ አምታቶ ማደሪያ የያዘ ሰው አውቃለሁ።) ዴምፕስተር የሚጀምረው ከመገንጠያው ነው፤ እስከ ኢኑቪክ 736 ኪሎ ሜትር ጠጠር፣ ከኢኑቪክ እስከ ውቅያኖሱ ዳር እስከ ቱክቶያክቱክ ሌላ 138። መሄጃው ብቻ ከ3,300 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በአስፋልቱ በቀን 700 ብትነዱ፣ ለጠጠሩ መሄጃ ሁለት መመለሻ ሁለት ቀን ብትሰጡ፣ ከአሥራ አራቱ ቀን ለዓሣ የሚተርፋችሁ ሦስት ገደማ ነው። ይህም ሁሉ ነገር ከሰመረ ነው። እዚያ ደግሞ ሁሉ ነገር አይሰምርም።

የመጀመሪያ ጉዞዬን ልንገራችሁ። ሁለተኛ ቀን ላይ ፒል ወንዝ ስደርስ ጀልባዋ ቆማለች። ላይኛው አገር ዘንቦ ወንዙ ሞልቶ ግንድ እያንከባለለ ነበር። ዴምፕስተር ሁለት ታላላቅ ወንዞችን ያለ ድልድይ ያቋርጣል፤ ፒልንና ማኬንዚን። በሞቃቱ ወራት መኪና የምታሻግረው ጀልባ ናት፣ በክረምት የሚነዳው በበረዶው ላይ ነው። በመካከል፣ በረዶው ሲሰበርና ሲጠነክር፣ ለሳምንታት ማንም አያልፍም። እኔ ሁለት ቀን ጠበቅሁ። ከኋላዬ የቆመው ሽማግሌ፣ የአገሩ ሰው፣ ወንበሩን አውጥቶ ሻዩን አፍልቶ ተቀመጠ። እኔ ግን ሰዓቴን እያየሁ ወዲያና ወዲህ እል ነበር። በመጨረሻ «ወንዙ ሰዓትህን አያይልህም» አለኝና ሻይ ቀዳልኝ። ዓሣ ማጥመድን ከእርሱ ነው የተማርኩት ማለት እችላለሁ፤ ያን ሁለት ቀን ግን አንድም ዓሣ አልያዝንም።

መንገዱ ስሙን ያገኘበት ታሪክም ስለ ችኮላ ነው። ከ1910 እስከ 1911 በነበረው ክረምት አራት ፖሊሶች ከፎርት ማክፈርሰን ወደ ዶውሰን ሲቲ በውሻ በሚጎተት ተንሸራታች ተነሡ። ፈጥነው ለመድረስ ስንቅ ቀነሱ፤ መንገዱን የሚያውቀውን የአገሩን ተወላጅ መሪም አሰናበቱት። ከዚያ መታጠፊያውን ሳቱ። ዶውሰን የነበረው ዊልያም ዴምፕስተር ሊፈልጋቸው ወጥቶ የአራቱንም አስከሬን አገኘ። መቃብራቸው ዛሬም ፎርት ማክፈርሰን ይታያል። ስታልፉ ቆም በሉና እዩት።

ወደ መኪናው እንምጣ። ዴምፕስተር የተሠራው ዓመቱን ሙሉ በማይቀልጥ የበረዶ አፈር ላይ ነው። ከሥሩ ያለው እንዳይሟሟ ወፍራም ጠጠር እንደ ፍራሽ ተነጥፎለታል፤ በአንዳንድ ቦታ ጠጠሩ እንደ ምላጭ የሚቆርጥ ድንጋይ ነው። ጎማችሁ የጭነት መኪና ጎማ፣ ጠንካራ ጎን ያለው ይሁን፤ መለዋወጫውም ሙሉ መጠን ያለው ሁለት ይሁን። መኪናው ሲገዛ የሚመጣው ቀጭኑ ጎማ እዚያ ዋጋ የለውም። ፍጥነት ከ70 አይለፍ። የጭነት መኪና ሲመጣ ቀኝ ያዙና ቀንሱ፤ ጠጠር መስታወት ይሰብራል። ዝናብ ከጣለ አቧራ እንዳይነሣ የሚረጩበት ጨው ጭቃውን ሳሙና ያደርገዋል። የኪራይ መኪና የምትወስዱ ደግሞ ውሉን እስከ መጨረሻው መስመር አንብቡ፤ ብዙዎቹ አከራዮች ጠጠር መንገድን በግልጽ ይከለክላሉ። እኔ ይህን ያወቅሁት ጎማዬ ከፈነዳ፣ መኪናዬም ከተጎተተ በኋላ ነው። ሂሳቡን ለባለቤቴ የነገርኳት ከስድስት ወር በኋላ ነበር።

ነዳጅ ዶውሰን ሲቲ ላይ እስከ አፉ ሙሉ። ከመገንጠያው 369 ኪሎ ሜትር ላይ ያለው ኢግል ፕሌንስ እስክትደርሱ ሌላ ማደያ አትጠብቁ። ከዚያ የሚቀጥለው 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ፎርት ማክፈርሰን ነው። በተረፈ ጄሪካን ያዙ። የእጅ ስልክ በአብዛኛው መንገድ አይሠራም፤ በሳተላይት መልእክት የሚልክ መሣሪያ ተከራዩ ወይም ግዙ። ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ 511 ዩኮን በሚባለው የመንገድ መረጃ ድረ ገጽ ላይ እዩ፤ ጎርፍ ብቻ ሳይሆን የሰደድ እሳትም መንገድ ይዘጋል።

አሁን ዓሣው። 465ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ዩኮን ያበቃል፣ የሰሜን ምዕራብ ግዛቶች ይጀምራል፤ ስለዚህ ፈቃዱ ሁለት ነው። የዩኮኑ ፈቃድ ከድንበሩ በኋላ ወረቀት ብቻ ነው። (በሞቃቱ ወራት ሰዓቱም ድንበሩ ላይ በአንድ ሰዓት ይቀየራል፤ የጀልባዋን ሰዓት ስታሰሉ አትርሱት።) የፈቃዱ ዋጋ እንደ መኖሪያችሁ ይለያያል፤ ከአገር ቤት ለጉብኝት የመጣ ዘመድ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ለእርሱም በስሙ ይውጣለት። መሬቱም ባለቤት አለው። የአገሩ ተወላጅ ሕዝቦች፣ ኢኑቪያሉት በ1984፣ ግዊቺን በ1992፣ ከካናዳ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት ውል ሰፊ መሬት በእጃቸው ነው። የት ማጥመድና መስፈር እንደሚፈቀድ በየከተማው ያሉትን ጽሕፈት ቤቶቻቸውን ጠይቁ። ወንዝ ዳር የተዘረጋ መረብ ካያችሁ የአንድ ቤተሰብ የክረምት ቀለብ ነውና አትጠጉት።

ሳልመን አምሯችሁ የምትሄዱ ካላችሁ ተስፋ ቁረጡ። በዩኮን ወንዝ የሚወጣው ቺኑክ ሳልመን ቁጥሩ ክፉኛ ስለወረደ አላስካና ካናዳ በ2024 ለሰባት ዓመት እንዳይጠመድ ተስማምተዋል። የእናንተ ዓሣ ግሬይሊንግ ነው፤ ጀርባው ላይ እንደ ሸራ የምትዘረጋ ክንፍ ያለችው፣ ፀሐይ ሲያርፍባት ወይን ጠጅ የምትመስል። በብላክስቶንና በኦግልቪ ወንዞች ትገኛለች፤ መንገዱም ከኦግልቪ ጋር ጎን ለጎን ብዙ ይሄዳል። ትልቅ መንጠቆ አያስፈልጋትም፤ ትንሽ የምትሽከረከር ብረት ወይም ዝንብ የመሰለች ማጥመጃ ይበቃታል። ፒልና ማኬንዚ ግን ደፍራሽ ናቸው፤ ወንዞቹ መሐል መንጠቆ መወርወር ድካም ነው። ጥርት ያለ ገባር ወደ ደፍራሹ የሚገባበትን ቦታ ፈልጉ፤ ፓይክ እዚያ ያደባል። ፓይክ ክር የሚበጥስ ጥርስ ስላለው ከመንጠቆው በላይ የብረት ሽቦ እሰሩ። የመንጠቆውን የኋላ ሾህ በጉጠት ጨፍልቃችሁ አጥፉት፤ መልሳችሁ የምትለቁት ዓሣ ብዙ አይቆስልም። እዚያ ውኃው ቀዝቃዛ ስለሆነ ዓሣ የሚያድገው በዝግታ ነው፤ አንድ ትልቅ ሌክ ትራውት ከልጃችሁ በዕድሜ ሊበልጥ ይችላል።

ስለ ድብ ብዙ ይወራል፤ እኔ የምለው አጭር ነው። የድብ መከላከያ የሚረጨውን ቆርቆሮ ጓዝ ውስጥ ሳይሆን ወገባችሁ ላይ ያዙት። ዓሣ የነካ ልብስ ድንኳን አይግባ። ቁሌትም እንደዚያው ነው። የኛ ሰው ድንኳን ውስጥ ሽንኩርት ያቁላላል፤ የበርበሬው ሽታ ሦስት ቀን አይለቅም።

ጊዜው መቼ ይሁን? ሰኔን ሙሉና ሐምሌ እስኪጋመስ ገደማ ኢኑቪክ ላይ ፀሐይ አትጠልቅም፤ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ማጥመድ ይቻላል። ነገር ግን የወባ ትንኝዋ መንጋ ናት፣ አፍ ከፍቶ ማውራት አይቻልም። እኔ የምመርጠው የነሐሴን አጋማሽ ነው። ትንኙ ይቀንሳል፣ ቱንድራው፣ ዛፍ የሌለው የሰሜኑ ሜዳ፣ ቀይና ቢጫ መሆን ይጀምራል፣ ሌሊትም ይመለሳል። አንድ ችግር ብቻ አለበት፤ ፍልሰታ ነው። ባለፈው ጊዜ አብሮኝ የነበረው ወንድም ጾመኛ ነበር። ብላክስቶን ዳር ቀኑን ሙሉ ግሬይሊንግ ያወጣል፣ ክንፏን ዘርግቶ ያያታል፣ እጁን ውኃ ውስጥ ነክሮ ይለቃታል። ማታ ሽሮ በላን፣ ቡናም አፈላን። በማግስቱ ለመነሣት ጓዛችንን ስጠቀልል ቀና አለና «መለዋወጫ ቀናችን አልተነካም አይደል?» አለኝ። ጓዙን መልሰን ዘረጋነው።