የተሸነፈው ሰው በማግስቱ የት ይሄዳል?

ልጆች፣ ሰሞኑን የየትኛው ጎረቤት አገር ምርጫ ይሻላል ብላችሁ ስትከራከሩ አነበብኳችሁ። አንዱ «ኬንያ ጥላን ሄደች» ይላል። ሌላው «ምን ኬንያ፣ እዛም በጎሳ ነው የሚመርጡት» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ታንዛኒያን ያመጣል፣ ሰላም ናት ብሎ።

እኔ ጡረታ የወጣሁ ጠበቃ ነኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ችሎት ፊት ቆሜ ስለሆነ አገር ከአገር ሳወዳድር የማየው ነገር ከእናንተ ትንሽ ይለያል። ስንት ሰው ተሰለፈ፣ ማን አሸነፈ አልልም። የተሸነፈው ሰውዬ በማግስቱ ጠዋት የት ይሄዳል? እሷን ብቻ ነው የምጠይቀው። (ዓመቶቹንም ወሮቹንም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳይምታታባችሁ።)

በ2007 መጨረሻ የኬንያው ፕሬዚዳንት ኪባኪ ዳግም አሸነፉ በተባለ ምሽት፣ ወዲያው ቤተ መንግሥት ውስጥ ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ተፎካካሪያቸው ራይላ ኦዲንጋ «ፍርድ ቤት ሂዱ» ቢባሉም ፍርድ ቤቱን አላመኑትም። ከዚያ የመጣውን ታውቃላችሁ። ከ1,100 በላይ ሰው ሞተ፣ 600 ሺህ ገደማ ተፈናቀለ፣ ኮፊ አናን መጥተው ስንት ሳምንት ለፍተው አስታረቁ። ኬንያውያን ግን ከዚህ አንድ ነገር ተማሩ። የ2010ሩ ሕገ መንግሥት አዲስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አቋቋመ፣ የፕሬዚዳንት ምርጫ ክርክርንም በ14 ቀን ወስን አለው። ቃለ መሐላውም በሕዝብ ፊት ይሁን ተባለ። 14 ቀን! አንድ የአጥር ክርክር ዘጠኝ ዓመት ያመላለሰኝን እኔን ጠይቁኝ፣ የዚህን ትርጉም።

እዚህ ላይ ኡጋንዳን ከጎን አስቀምጧት። የተቃዋሚው መሪ ኪዛ ቤሲጄ በ2001ም በ2006ም አቤት ብለው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደዋል። ዳኞቹ ሁለቱንም ጊዜ ሕግ ተጥሷል አሉ፣ ግን ውጤቱን የሚቀይር አይደለም ብለው ሸኟቸው። ፕሬዚዳንት ሙሴቬኒ ከ1986 ጀምሮ ሥልጣን ላይ አሉ። በ2005 የሥልጣን ዘመን ገደቡ ተነሣ፣ በ2017 የዕድሜ ገደቡ ተነሣ። በዚያው በ2017 መስከረም 1 ቀን፣ ድንበሩን ተሻግራችሁ ናይሮቢ ስትገቡ፣ ዴቪድ ማራጋ የሚመሩት የኬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታን ምርጫ ሰርዞ ቁጭ አለ። አጠቃላይ ድምሩ ብቻ ሳይሆን ድምሩ የመጣበት መንገድም ይታያል አሉ። ምርጫ ኮሚሽኑ ሰርቨሩን ክፈት ሲባል አልከፍትም ማለቱ አልጠቀመውም። እኔ ቤቴ ሆኜ በቴሌቪዥን እያየሁ ብቻዬን አጨበጨብኩ፣ ባለቤቴ «ምን ሆንክ?» ብላ ከጓዳ ወጣች።

ኬንያን ገነት አታድርጓት ደግሞ። ድጋሚ ምርጫው ይቁም ተብሎ ሌላ አቤቱታ ሲቀርብ፣ በዋዜማው ችሎት የመጡት ሁለት ዳኞች ብቻ ነበሩ። ቀደም ብሎ በነበረው ቀን የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት ሴት ዳኛ ሾፌር በጥይት ተመትቶ ነበር። ራይላም አልወዳደርም ብለው ወጡ፣ ኡሁሩ 98 በመቶ አገኙ። 98 ስታዩ ሁልጊዜ ጠርጥሩ።

በ2022 ነሐሴ፣ በምርጫው ሰሞን፣ ልጄን ልጠይቅ ናይሮቢ ነበርኩ። ከበሯ አጠገብ ትንሽ ሱቅ አለች። ባለሱቁ ስልኩ ላይ «34ኤ» የሚሉትን፣ የአንድ ጣቢያ ውጤት የሚሞላበትን ቅጽ ከፍቶ በጣቱ ያሰፋዋል። ከ46 ሺህ ከሚበልጡ ጣቢያዎች የቅጹ ፎቶ ኢንተርኔት ላይ ይለቀቅ ነበር፣ ማንም ደምሮ ማየት ይችላል። የጸሐፊው እጅ ጽሑፍ እንደ ሐኪም ነው። ባለሱቁ የሰፈሩን ጣቢያ አገኘ፣ ቆጠራው ሲለይ በዓይኑ ካየው ቁጥር ጋር አስተያየ፣ ስኳር የሚመዝንበት ደብተር ላይ ምልክት አደረገ። የሱ ሰው ራይላ ነበሩ፣ ተሸነፉ። «የኔ ጣቢያ ልክ ነው፣ የቀረውን ዳኞቹ ይዩት» አለኝና ስኳሬን መዘነልኝ። ከሰባቱ የምርጫ ኮሚሽነሮች አራቱ ውጤቱን አናውቀውም ብለው ወጥተው ነበር እኮ! ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሄደ፣ ራይላ ተረቱ፣ አልተስማማሁም ግን አከብራለሁ አሉ። የ2007ቱ ዓይነት እልቂት አልተደገመም።

ታንዛኒያ ሰላም ናት ያልከው ልጅ፣ ኔሬሬ በ1985 በፈቃዳቸው መውረዳቸው እውነት ነው፣ ከሳቸው በኋላም ፕሬዚዳንቶች ተቀያይረዋል። ነገር ግን ሕገ መንግሥቱ የፕሬዚዳንት ውጤት ከታወጀ በኋላ ፍርድ ቤት አይጠይቀውም ይላል። በሩ ዝግ ነው። በ2025 ጥቅምት ምርጫ የተቃዋሚው መሪ ቱንዱ ሊሱ በአገር ክህደት ተከሰው እስር ቤት ነበሩ፣ ኢንተርኔት ተቋረጠ፣ ሰው ሞተ፣ የፕሬዚዳንቷ የሳሚያ ውጤትም 98 በመቶ ገደማ። ምን ብያችሁ ነበር?

የኛን የ1997 ግንቦት (ይሄ በራሳችን አቆጣጠር ነው) ብዙዎቻችሁ አታስታውሱትም። ሰው ከሌሊት ጀምሮ ሲሰለፍ እኔም እዛው ሰልፍ ውስጥ ነበርኩ። ያንን ሰልፍ ዛሬም የማወራው ደስ ብሎኝ ነው፣ ከዚያ በኋላ ያለውን አላወራም። ክርክሩ መንገድ ላይ ወጣ፣ ሰው ተገደለ፣ የተቃዋሚ መሪዎቹ ታሰሩ።

አንድ ቦታ ግን ዝም ብላችሁ እያለፋችሁት ነው። ሀርጌሳ፣ ሶማሊላንድ፣ 2003። ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ድምፅ ሰጠ፣ ፕሬዚዳንቱ ዳሂር ሪያሌ ተፎካካሪያቸውን አህመድ ሲላንዮን በ80 ድምፅ በለጧቸው ተብሎ ታወጀ። ሰማንያ! ሲላንዮ መጀመሪያ እምቢ አሉ፣ ፍርድ ቤት ገቡ፣ ሽማግሌ ገባ፣ ተቀበሉ። ሰባት ዓመት ጠብቀው በ2010 አሸነፉ፣ ሪያሌም አስረክበው ሄዱ። እስቲ እናንተ ሰፈር የዕድር ሊቀመንበርነት በሁለት ድምፅ ተሸንፎ፣ በሚቀጥለው ወር ስብሰባ የመጣ ሰው ካለ ጻፉልኝ።