ወጨጫ ላይ መሸብን

ጥያቄ፦ አምስት ሆነን ከሱባ ጫካ ወደ ወጨጫ ተራራ ጫፍ ወጣን። የተነሳነው 5 ሰዓት ነው። 8 ሰዓት ላይ ውሃ አለቀ፤ ስንወርድ መሸብን፣ በብርድ ተንቀጠቀጥን። ምኑ ላይ ተሳሳትን?

መልስ፦ ከሁሉም በላይ መነሻ ሰዓታችሁ ላይ። ጫፉ ከ3,300 ሜትር በላይ ነው፤ ጥዱ ጥቅጥቅ ባለበት ደግሞ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይጨልማል። ጠዋት 1 ሰዓት ተነሱ፤ ጫፍ ደረሳችሁም አልደረሳችሁም 7 ሰዓት ላይ ተመለሱ። ለአንድ ሰው 3 ሊትር ውሃ ያዙ፤ ግማሹ ካለቀ መመለስ ነው።

ብርዱ ከላብ የመጣ ነው። ጂንስና የጥጥ ካናቴራ አንዴ ከራሰ ቶሎ አይደርቅም፤ ቆም ስትሉ ጀርባችሁ ላይ ተለጥፎ ሙቀታችሁን ይወስዳል። ደረቅ ካናቴራና ሹራብ በፌስታል ጠቅልላችሁ ያዙ፤ ጫፍ እንደደረሳችሁ፣ ፎቶ ከመነሳታችሁ በፊት ቀይሩ። ለመብራት ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ያዙ፤ ቁልቁለት ላይ ሁለቱም እጆቻችሁ ያስፈልጓችኋል፣ ስልኩም ለመደወል ይቆይ።