አውቶማቲኩን ኮሮላ ወደ ማኑዋል ልቀይረው?

ጥያቄው የመጣው ከባሕር ዳር፣ ከሽምብጥ ሰፈር ነው። ጠያቂዬ የ1994 ሞዴል ኮሮላ፣ 1.6 ሞተር፣ አውቶማቲክ አላቸው። ከተማ ውስጥ ደህና ይሄዳል፤ ቤዛዊት አቀበት ላይ ግን ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው አይጎትትም። «ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) አልቋል፣ ማኑዋል አስገባበት አሉኝ። ያዋጣኛል?» ይላሉ።

ጋሼ፣ ያዋጣል። ግን ካምቢዮው በእርግጥ ካለቀና ዕቃው ሁሉ ከአንድ መኪና ላይ ከተገኘ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ዘይቱን ይዩልኝ። ጥቂት ነድተው ያሙቁትና ሜዳ ላይ ያቁሙት። ሞተሩ እየሠራ፣ ፍሬን ይዘው ማርሹን በሁሉም ቦታ አሳልፈው ፒ (ማቆሚያው) ላይ ይመልሱት። ከዚያ የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ መዘው ነጭ ሶፍት ላይ ይጥረጉት። ቀይ ሆኖ ከጎደለ ይሙሉትና የሚያፈስበትን ያስፈልጉ፤ ችግሩ ይኸው ብቻ ሊሆን ይችላል። ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ ውስጡ ያሉት ሸራዎች (እየተጣበቁ ኃይል የሚያስተላልፉት ሳህኖች) ተበልተዋል። ሮዝ ወተት ከመሰለ ደግሞ የራዲያተር ውኃ ገብቶበታል። የአውቶማቲክ ዘይት የሚቀዘቅዘው ራዲያተሩ ውስጥ በሚያልፍ ቱቦ ነው፤ ቱቦው ሲበሳ ሁለቱ ይቀላቀላሉ። ከነዳጅ መስጫው ወደ ካምቢዮው የሚወርድ ካቦ (የብረት ገመድ) ካለም ያሳዩት። ከላላ የዘይቱ ግፊት ይወርዳል፣ ካምቢዮውም ይንሸራተታል። እሱን ማስተካከል የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ይህ ሁሉ ታይቶ ካምቢዮው ካለቀ፣ እኔም ማኑዋል ይግባበት ባይ ነኝ። ለዚህ ሞተር የሚሆነው ሲ50 የሚባለው ባለ 5 ማርሽ ካምቢዮ ነው። መካኒክ ሁሉ ይፈታዋል። ዓባይ በረሃ ሲወርዱም መኪናውን በማርሽ መያዝ ፍሬንዎን ያድናል።

አደራ፣ ካምቢዮውን ብቻ ገዝተው እንዳይመጡ። ብዙ መኪና ጋራዥ ውስጥ ወር የሚቆመው በትንንሽ ዕቃ ነው። ተመሳሳይ ሞተር ያለው የተፈታ ማኑዋል ኮሮላ ይፈልጉ፤ ባሕር ዳር ከጠፋ አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ያስጠይቁ። ከዚያው መኪና ላይ ቮላኖው (ከሞተሩ ጀርባ የሚታሰረው ከባድ ክብ ብረት)፣ ፍሪሲዮኑ (ክላቹ)፣ ፔዳሎቹ፣ የላይኛውና የታችኛው የፍሪሲዮን ፓምፕ፣ የማርሽ ዘንጉ ከነካቦዎቹ፣ ሴሚያሶቹ (ከካምቢዮው ወደ ጎማ የሚሄዱት ዘንጎች)፣ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው)፣ ካምቢዮውን የሚሸከሙት ብረትና ጎማዎች ይምጡ። የፍሪሲዮን ሸራውንና ኩሽኔታውን (ቦል ቤሪንጉን) ግን አዲስ ያስገቡ። ካምቢዮ ሁለቴ ማውረድ ከዕቃው ዋጋ ይብሳል።

የቮላኖውን ብሎኖች አይርሱ። አውቶማቲኩ ላይ በቮላኖው ቦታ ያለው ስስ ብረት ነው፤ ቮላኖ ግን ወፍራም ነው። በአሮጌዎቹ አጭር ብሎኖች ከታሰረ ጥርሱ በቂ አይዝም፣ አንድ ቀን ይፈታል። ብሎኑ የቮላኖው የራሱ ይሁን። ካምቢዮው እንደወረደ ከሞተሩ ጀርባ ያለው ዘይት ማገጃ ጎማም ይቀየር። ዋጋው ትንሽ ነው፣ ሌላ ጊዜ ግን አይደረስበትም።

አሁን ወደ ሽቦው። አውቶማቲክ መኪና የሚነሳው ፒ ወይም ኤን (ነፃ ማርሽ) ላይ ሲሆን ብቻ ነው። ያንን የሚቆጣጠረው ማብሪያ ከካምቢዮው ጋር አብሮ ይወጣል። አንዳንዱ ሁለቱን ሽቦ አገናኝቶ ይሄዳል። መኪናው ይነሳል፤ ማርሽ ውስጥ ሆኖም ይነሳል! ፊት ለፊት ልጅ ወይም ባጃጅ ቆሞ እንደሆነስ? ሽቦው በፍሪሲዮን ፔዳሉ ማብሪያ በኩል ይዙር፤ ፔዳሉ ካልተረገጠ ሞተሪኖው እንዳይዞር። የኋላ ማርሽ መብራቱንም አብረው ያስገናኙ። ወደ ራዲያተሩ የሚሄዱት የዘይት ቱቦዎች ይደፈኑ። አዲሱ ካምቢዮ ወደ 2 ሊትር የሚጠጋ 75ደብሊው-90 ዘይት ይጠጣል፤ የአውቶማቲኩን ዘይት እንዳይሞሉበት።

ከጋራዥ ሳይወጡ የእጅ ፍሬኑን ያስፈትሹ። አውቶማቲክ የሚነዳ ሰው ፒ ላይ አድርጎ ስለሚወርድ የእጅ ፍሬን ትዝ አይለውም፤ ካቦው ዝጎ ይቀራል። ከእንግዲህ ፒ የለም። ሲያቆሙ የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ አንደኛ ማርሽ ውስጥም ያስገቡት።