ከሐይቁ አረንጓዴ ናፍጣ ይወጣል ወይ?

ጥያቄ፦ በሐይቅ ከተማ አቅራቢያ በናፍጣ የሚሠራ የእህል ወፍጮ አለኝ። ናፍጣው ሲወደድና ሲጠፋ ስቸገር ያየ፣ ደሴ ባዮሎጂ የሚማር ልጄ «አልጌ ከሚባለው አረንጓዴ ነገር ነዳጅ ይሠራል» አለኝ። የሐይቃችንም ዳር አንዳንድ ጊዜ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ቀድቼ ባጠልለው ዘይት አገኝበት ይሆን? (ከሐይቅ፣ ደቡብ ወሎ)

መልስ፦ ልጅዎ የነገረዎት ሐሰት የለበትም፤ ይሁን እንጂ ከሐይቁ ዳር የሚቀዱት ውሃ ወፍጮዎን አያስነሳልዎትም። በውሃ ዳር የሚንሳፈፍ አረንጓዴ ሽፋን ብዙ ጊዜ ሳያኖባክቴሪያ የሚባሉ ረቂቅ ሕዋሳት ስብስብ ሲሆን፣ እነርሱም ትርፍ ምግባቸውን የሚያስቀምጡት በአብዛኛው በዘይት ሳይሆን ስታርች በሚመስል ግላይኮጅን መልክ ነው። (ከመካከላቸው ከብት የሚገድል መርዝ የሚያመነጩም ስላሉ፣ ውሃው እንዲህ በሆነበት ወቅት ከብትዎን ከዚያ ባያጠጡ ይበጃል።)

ዘይት የሚያጠራቅሙት ሌሎች ናቸው፤ በተለይም አንዳንድ አረንጓዴ አልጌዎችና ዳያተሞች (መስታወት መሰል ቅርፊት ያላቸው ረቂቅ አልጌዎች)። ናይትሮጅን እንደልብ ሲያገኙ ፕሮቲንና ክሎሮፊል እየሠሩ በፍጥነት ይባዛሉ፤ ዘይታቸው ግን ጥቂት ነው። ናይትሮጅን ሲያጡ መባዛታቸውን ያቆማሉ፤ ብርሃኑ ግን አልተቋረጠምና የሰበሰቡትን ካርቦን ሦስት የስብ አሲዶችን ከአንድ ግሊሰሮል ጋር እያያያዙ በዘይት ጠብታ መልክ ያከማቹታል። ይህን ዘይት በሜታኖልና በአልካሊ ወደ ባዮዲዝል (በናፍጣ ፈንታ ወደሚነድ ነዳጅ) መለወጥ ብዙ አይከብድም። የሚከብደው የወፈረው አልጌ አለመባዛቱ፣ የሚባዛው ደግሞ አለመወፈሩ ነው።

የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. ከ1978 እስከ 1996 ባካሄደው ጥናት ከ3,000 በላይ ዝርያዎች ተሰብስበው ከዚሁ ቋጠሮ ጋር ትግል ተደርጓል። ተመራማሪዎቹ የስብ አሲድ ሥራን የሚያስጀምረው አሴቲል-ኮኤ ካርቦክሲሌዝ የተባለው ኢንዛይም (በሕዋስ ውስጥ ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን) እንዲበዛ ተጨማሪ ዘረመል በአንድ ዳያተም ውስጥ አስገቡ፤ ኢንዛይሙ በእርግጥ በረከተ፣ ዘይቱ ግን አልጨመረም። በእኔ ግምት ከጠቅላላው ሥራ እጅግ አስተማሪው ይህ ውድቀት ነው፤ ሕዋሱ የስቡን መጠን በሌሎች እርምጃዎችም እንደሚቆጣጠር፣ አንድን ኢንዛይም ብቻ ማብዛትም እንደማይበቃ አሳይቷልና።

ከዚያ የውሃው ነገር አለ። በክፍት ኩሬ በሚለማ 1 ሊትር ውሃ ውስጥ ያለው አልጌ ደረቅ ክብደቱ ብዙውን ጊዜ ከ1 ግራም አይበልጥም፤ ስለዚህ 1 ኪሎ ደረቅ አልጌ ለማግኘት ከ1,000 ሊትር የማያንስ ውሃ ማጥለል ያስፈልጋል፤ ከዚያም ሲሶው እንኳ ዘይት ቢሆን የሚገኘው 330 ግራም ያህል ነው። ውሃውን የሚስበው ፓምፕ የሚጠጣውን ናፍጣ ደግሞ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል።

ልጅዎ ግን ነገሩን በዓይኑ ማየት ይችላል። አረንጓዴ አልጌ አግኝቶ ግማሹን የተሟላ ማዳበሪያ ባለው፣ ግማሹን ናይትሮጅን ብቻ በጎደለው ውሃ ውስጥ አድርጎ ለአንድ ሳምንት ያህል ብርሃን ላይ ያቆየው፤ ከዚያም ሱዳን ብላክ በተባለው ቀለም ነክሮ ሁለቱንም በማይክሮስኮፕ ያስተያያቸው። በተራበው ውስጥ ወደ ጥቁር ሰማያዊ የተለወጡ የዘይት ጠብታዎች በዝተው ሊታዩት ይችላሉ።